ቀኑ ያለፈበት ሽቦ

ወንድሜ ከማል መንጋጋው በሽቦ የታሰረው በሃያ ዓመቱ ነው። ያሰረው ሐኪም ነው። ጊዜው ደርሶ መፈታት ሲገባው እንዳይፈታ ያደረገችው ደግሞ እናቴ ናት፤ ከዓለም ሁሉ አብልጣ የምትወደው እናቴ። ይህን ታሪክ ስናገር ከሚሰሙኝ ሰዎች ግማሹ እናቴን ይኮንናል፣ ግማሹ ያለቅስላታል። እኔ ሁለቱንም አድርጌአለሁ፤ አሁን ደግሞ ለእናንተ ልተወው።

ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ነው። እኔ፣ ታላቅ እህቱ፣ ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ሲሆን ነገሌ ቦረና ገበያው ዳር ያለችውን የአባቴን ሱቅ እይዝ ነበር። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ጨውና አቡጀዲ እየነገደ ነገሌ ላይ ቤት ሠራ፣ ነገሌ ላይ ወለደ፣ እዚያው ተቀበረ። ከእሱ በኋላ እናቴ ዘይነባ፣ እኔና ከማል ቀረን። እኔ ምላሴ የሰላ ነበር፤ ዋጋ ሊከራከረኝ የመጣ ደንበኛ ሳያስበው ሁለት እቃ ገዝቶ ይሄዳል ይሉኝ ነበር። ከማል ደግሞ ሳቂታ ነው። ጠዋት ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ቁጭ ብሎ መፋቂያውን እያኘከ የሚያልፈውን ሁሉ፣ አማራውን በአማርኛ ቦረናውን በኦሮምኛ፣ ሰላም ሳይል አይውልም። ጥርሱ ያምር ነበር። እናቴ በጥርሱ ትኮራ ነበር ብል አላጋነንኩም።

አንድ የገበያ ቀን ከማል ለአንድ ባላገር ደንበኛችን ግመል ላይ ጨው ሲጭን ግመሏ ደነበረችና ፊቱ ላይ ረገጠችው። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰበረ። ያገኘነው መኪና ላይ ጭነን ከነገሌ በስተሰሜን፣ ደጋው ላይ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል ወሰድነው። እዚያ ያለው ሐኪም ከላይና ከታች ጥርሶቹ ላይ ቀጭን የብረት ዘንግ ዘርግቶ፣ ዘንጉን በየጥርሱ ዙሪያ ክር በሚያህል ሽቦ ጠምዝዞ አሰረው። ከዚያ የላዩንና የታቹን እርስ በርስ አገናኝቶ ቆለፈው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማል የሚናገረው በጥርሱ መሃል ሆነ፤ የሚጠጣውም በዳር በኩል የወለቀ አንድ ጥርስ በተወው ክፍተት፣ በቀጭን ጎማ ነው።

ሐኪሙ ስንሰናበት እኔን ለብቻ ጠራኝ። ከጠጣ ቁጥር አፉ በጨው ውሃ እንዲታጠብ፣ ሽቦው ሥር ምንም ነገር እንዳያድር፣ ጣፋጭ እንዲቀርበት አስጠነቀቀኝ። ድንገት ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ ሽቦውን የምንቆርጥበት ትንሽ መቁረጫም ሰጠኝ። ከአንድ ወር ተኩል በኋላ ነገሌ ክሊኒክ ያለው ቁስል አካሚ፣ ድሬሰሩ፣ ሊፈታው እንደሚችል ነገረኝ። "አጥንቱን ሽቦው ይጠግነዋል" አለኝ፣ "ጥርሱን የምታተርፊው ግን አንቺ ነሽ።"

ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከሱቃችን ለስላሳውን የጥርስ ብሩሽ መርጬ ፀጉሩን በመቀስ አሳጠርኩት። ለብ ያለ የጨው ውሃ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ስቤ በጉንጩና በጥርሱ መካከል እለቅለታለሁ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ሳህን ላይ ይተፋል። ከዚያ በብሩሹ መጀመሪያ ከሽቦው በላይ የድዱን ዳር፣ ቀጥሎ ከሽቦው በታች፣ በመጨረሻ ሽቦውን ራሱን እቦርሻለሁ። ብሩሽ የማይገባበትን የመፋቂያ ጫፍ ቀጥቅጬ አለስልሼ እጎረጉራለሁ። የሽቦው ጫፍ ከንፈሩን ሲወጋው ሻማ አቅልጬ ሰም እለጥፍበታለሁ። የሚያቅተኝ የኋላ ጥርሶቹ ነበሩ፤ አፉ ስለማይከፈት በውስጥ በኩል ያለውን ማየትም መንካትም አልችልም። ያንን ለጨው ውሃው ትቼው ነበር።

ከዚህ ጋር ደግሞ የጠያቂው ስኳር አለ። ስኳር በቀበሌ ራሽን በሚታደልበት ዘመን ጎረቤቱ ሁሉ ከድርሻው እየቀነሰ ለከማል ያመጣል። እትዬ አስካለ፣ ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን፣ ከሁሉም ትብሳለች። ባሏ ወታደር ነበር፣ ሞቶባታል፤ ያላት አንድ ልጅ ዳዊት ብቻ ነው። ዳዊትና ከማል ደግሞ አንድ ላይ ያደጉ ናቸው። የራሷን ሻይ ያለ ስኳር እየጠጣች ለከማል ታመጣለታለች። ሐኪሙ ጣፋጭ ከልክሏል ብላቸው፣ እህል ያልቀመሰ ልጅ ስኳርም ልትከለክዪው ነው ብለው ተነሱብኝ። ሰው ከአፉ ነጥቆ ያመጣልህን አልፈልግም ማለት በእኛ አገር ከስድብ ይቆጠራል። እናቴም በየወተቱ ላይ ትጨምርለት ነበር።

እንዲህም ሆኖ ያ አንድ ወር ተኩል በደህና አለፈ። ድዱ ትንሽ ከመድማቱ በቀር ጥርሱ ንጹሕ ነበር። ድሬሰሩ ዘንድ ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን አፈሳው ነገሌ ገባ።

ያን ዘመን ያላየ ሰው አፈሳ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ይህን ያህል ወጣት አምጣ ይባላል፤ ፈቃደኛ ሲጠፋ የቀበሌው ጥበቃዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ያገኙትን ልጅ ይወስዳሉ። ጦርነቱ ሰሜን ነው። ከሄዱት ልጆች ደብዳቤ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ ከዚያ ዝም ይላል። ጥበቃዎቹ እኛ ቤት ሲገቡ ከማል ግቢ ውስጥ ነበር። አንደኛው ከንፈሩን በጣቱ ገልጦ ሽቦውን አየና ሳቀ። ይሄማ ለምንም አይሆንም፣ ብስኩት የማይበላ ወታደር ምን ይደረጋል ብሎ ጓደኛውን ጠርቶ ወጣ። ቀጥለው የእትዬ አስካለን በር አንኳኩ። ዳዊትን ሲያወጡት በአጥሩ ክፍተት አየነው። ጫማውን እንዲያደርግ እንኳ አልጠበቁትም።

እትዬ አስካለ ስትጮህ እናቴ ወደ እሷ ሮጠች። እኔና ከማል ብቻችንን ቀረን። ከማል እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር።

በማግስቱ ሦስታችን ክሊኒክ ሄድን። ድሬሰሩ ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ነገሌ የጨረሱ፣ ሁላችንንም ከልጅነታችን ጀምሮ የሚያውቁን ሰው። የከማልን አፍ አይተው አጥንቱ ጠንቷል፣ አሁኑኑ እፈታዋለሁ አሉ። እናቴ እጃቸውን ያዘች።

"ጋሼ፣ አንቱም ወልደዋል" አለቻቸው። "ትናንት የአስካለን ልጅ ሲወስዱት ሰምተዋል። የኔን ያስቀረልኝ ይሄ ብረት ነው። አፈሳው እስኪያልፍ ይቆይልኝ።"

"ዘይነባ፣ ይህ ነገር ቀን አለው። ከቀኑ ካለፈ ድዱ ይቆጣል፣ ጥርሱ ይበሰብሳል።"

"ይበስብስ" አለች እናቴ። "ጥርስ አይደለም እንዴ? ይበስብስ።"

ጋሼ ታደሰ ወደ ከማል ዞረው አንተስ ምን ትላለህ አሉት። ከማል ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ወደ እኔም አዩ። በአጥሩ ክፍተት ያየሁት ባዶ እግር ከዓይኔ አልጠፋም ነበርና እኔም ምላሴ ታሰረ። እሳቸው ደግሞ ከቀበሌው የሚፈሩት ነገር አላቸው፤ ወጣት ደበቅክ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። በመጨረሻ፣ እኔ ዛሬ አላየኋችሁም አሉና ሸኙን።

አፈሳው ግን አላለፈም። ይቆምና ሌላ ኮታ ይመጣል። ጥበቃዎቹ በየጊዜው ተመልሰው እየመጡ የከማልን ከንፈር ይገልጣሉ፣ ሽቦውን አይተው ይሄዳሉ። እናቴ በሄዱ ቁጥር "አልሐምዱሊላህ" ትላለች። ወር አለፈ፣ ሌላ ወር ተተካ። በወተትና በአጥሚት የሚኖር ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት፤ ሱሪው በገመድ ታስሮ እንኳ ከወገቡ ይወርድ ነበር። እኔ ጠዋት፣ ቀንና ማታ እቦርሻለሁ፣ እየቦረሽኩም ነገሩ ከእጄ እንደወጣ አያለሁ። ድዱ እያበጠ ወጥቶ ሽቦውን ይሸፍነው ጀመር። ብሩሹ በነካው ቁጥር ይደማል። ትንፋሹ ተለወጠ፤ እህቱ ሆኜ ፊቴን አዞራለሁ፣ እሱም ያያል።

አንድ ቀን የብረት መቁረጫውን የት አደረግሽው አለኝ። ራሱ ሊቆርጠው ነው። ካኖርኩበት ስፈልገው የለም። እናቴን ስጠይቃት ጠፋ አለች። ከማል ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። ግን እየታመመ ነበር፤ የግራ የኋላ ጥርሱ ሌት ተቀን ይጠዘጥዘዋል፣ ጉንጩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይውላል።

ከዚያ አንድ ማለዳ ሕመሙ ለቀቀው። ተነስቶ ወተት ጠጣ፣ ጎረቤት ሰላም አለ። እናቴ ዱዓዬ ተሰማ ብላ ለልጆች ዳቦ አከፋፈለች። እኔም ደስ አለኝ፤ ሲጠዘጥዝ የከረመ ጥርስ ዝም ሲል የዳነ ሳይሆን የሞተ እንደሆነ የነገረኝ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአገጩ በታች እብጠት አየሁ። ነካሁት፤ እንደ ጣውላ ደርቋል። ሰውነቱ እሳት ነው። ሊናገር ሲል ድምፁ ከጉሮሮው አይወጣም፤ ምራቁን መዋጥ አቅቶት በሽቦው መሃል ይንጠባጠባል። ጋሼ ታደሰን ጠርቼ አመጣኋቸው። እብጠቱን ዳስሰው ወደ ደረቱ ሲወርድ በጣታቸው ተከተሉት። መግሉ በምላሱ ሥር ተጠራቅሞ ምላሱን ወደ ላይ እየገፋው ነው፣ ትንፋሹን ይዘጋዋል፣ ይህ እዚህ የሚሠራ አይደለም፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል አድርሱት አሉ። ሽቦውን አሁን እንኳ ይፍቱልን አልኳቸው። ድዱ ስለዋጠው ሲቆፍሩ ደሙ ወደ ጉሮሮው ገብቶ እጃቸው ላይ ሊያልቅ እንደሚችል ነገሩኝ። ካልሆነ፣ ካልሆነ ብቻ፣ መንገድ ላይ የፊት የፊቱን ቁረጡት አሉ።

ወደ ሰሜን የምትወጣ አንዲት የጭነት መኪና ብቻ ነበረች። ሾፌሩ ኦቦ ገልገሎ ቦረና ነው፤ ቆዳ ጭኗል። ከማልን አይቶ ስለ ሂሳብ አላወራም። ከጎኑ እናቴን፣ ቀጥሎ ከማልን፣ በበሩ በኩል እኔን አስቀምጦ ተነሳ። እናቴ የከማልን ፊት በነጠላዋ ጠምጥማ አስራ፣ ከአፉ የሚወርደውን በእጇ ትጠርጋለች።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ አስቆሙን። አንድ ወታደር በመስኮቱ አጮልቆ ከማልን አየና ቀዝቀዝ ብሎ "ሌላ ጥርሱን የታመመ" አለ።

በኋላ ነው የገባኝ። በዚያ ሰሞን ከአፈሳ የሚሸሽ ልጅ ሁሉ ጉንጩ ውስጥ ጥጥ ወትፎ፣ ፊቱን በሻሽ አስሮ፣ ጥርሴን አመመኝ ሆስፒታል ልሄድ ነው እያለ ነበር የሚያልፈው። ብዙ ተይዘዋል። እንግዲህ የእኛ እውነት ከእነሱ ውሸት ጋር አንድ መልክ ያዘ። ወታደሩ ይውረድ አለ። አወረድነው። አፍህን ክፈት አለው።

"መክፈት አይችልም" አልኩ። "መንጋጋው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል።"

"የታለ ሽቦው?"

ነጠላውን ፈትቼ ከንፈሩን ገለጥኩ። ሽቦው የለም። ያን ሁሉ ጊዜ በር ሲንኳኳ የሚያብለጨልጭ ሽቦ፣ እናቴ መዳኛችን ያለችው ሽቦ፣ ያበጠው ድድ ውጦት አይታይም። የሚታየው ቀይ ሥጋና ደም ብቻ ነው። ወታደሩ እህ አለ፣ አለቃዬ መጥቶ ይየው። አለቃው የት ነው ብንለው ምሳ ነው አለን።

ፀሐይ ላይ ቆምን። ያ የነገሌ ቀይ አቧራ በሚያልፈው ንፋስ ሁሉ ፊቱ ላይ ይነሰነሳል። ከማል መተኛት አይችልም፤ ሲጋደም ትንፋሹ ይቆማል። ቁጭ አድርጌ፣ አገጩን ወደ ፊት ይዤ፣ ደረቴን ለጀርባው ድጋፍ ልሰጠው ስታገል ዋልኩ። እናቴ ወታደሩ እግር ላይ ወደቀች። ልጁ ወጣት ነው፣ ከከማል አይበልጥም፤ እማማ ይነሱ፣ እኔም ታዝዤ ነው አላት። ኦቦ ገልገሎ መኪናውን ይዞ መሄድ ሲችል አልሄደም። ጎማው ሥር ተቀምጦ "ናጋ፣ ናጋ" እያለ በራሱ ቋንቋ ሰላም እንዲሆን ይጸልያል። የከማል ትንፋሽ ግን ማፏጨት ጀመረ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የአንገቱ ጉድጓድ ወደ ውስጥ ይገባል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የጠላሁት ምሳ የለም።

አለቃው ሲመጣ ጥላው ዘንብሎ ነበር። ወታደሩ ነገረው። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር እንዳይጠይቀኝ ፈርቼ፣ የከማልን ከንፈር ገልጬ ድዱን በጥፍሬ ተጫንኩት። ወንድሜ ጮኸ ማለት አልችልም፤ መጮህ አይችልም ነበር። አካሉ ብቻ ተንዘፈዘፈ። መግልና ደም ፈነዳና ከሥሩ የሽቦው ጫፍ ብቅ አለ። ሽታው ሲወጣ አለቃው አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ።

"ውሰዱት" አለ። "ከዚህ አርቁልኝ።"

ኦቦ ገልገሎ ያችን መኪና እንዴት እንዳበረራት አላውቅም። ቁጥቋጦው አልፎ፣ ወደ ዋደራ ከተማ የሚወስደው ዳገት ተጀምሮ፣ ትልልቁ ዛፍ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሲመጣ አየሩ ቀዘቀዘ። ቅዝቃዜው ደስ ይለዋል ብዬ መስኮቱን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ፉጨቱ ቆመ። ዞሬ ሳየው ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፤ እጁ የእናቴን ክንድ ጨብጧል።

"ሃዳ ከማል" አለ ኦቦ ገልገሎ መኪናውን አቁሞ፤ በኦሮምኛ የከማል እናት ማለቱ ነው። "ልጁ ትንፋሽ አጥቷል። ብረቱ ይቆረጥ።"

ከወንበሩ ሥር ፒንሳ አወጣ። የጎማ ሥራ ፒንሳ ነው፣ አፍንጫው የአውራ ጣት ያህል ይወፍራል። ልሞክር ብዬ ከንፈሩ ውስጥ ሳስገባው የሚይዘው ሥጋ ነው እንጂ ሽቦ አይደለም። ስጥለው እናቴ መቀነቷን ፈታች። ከመቀነቷ እጥፋት ያቺን ትንሽ የሐኪም መቁረጫ አወጣች። ጠፋ ያለችኝን መቁረጫ ያን ሁሉ ጊዜ ወገቧ ላይ አስራው ትዞር ነበር። ከማል እንዳይቆርጥበት ደብቃዋለች፤ ከማል እንዳይሞትባት ደግሞ ከራሷ አለየችውም።

ልቀበላት እጄን ስዘረጋ "ተዪ" አለችኝ። "ያቆየሁት እኔ ነኝ።"

ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ ድዱን በጣቷ እየገፋች፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ቆረጠች። እኔ ከንፈሩን ይዤ አለቅሳለሁ፣ ኦቦ ገልገሎ እግሩን ይዟል። የመጨረሻው ሲበጠስ መንጋጋው የተከፈተው የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ነው። እናቴ በዚያች ክፍተት ጣቷን አስገብታ በምላሱ ሥር ተጫነች። ከዚያ የወጣውን አልጽፈውም። ወደ ፊት ደፋነው፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ከእሱም ጋር ሁለት ጥርስ ከነሽቦአቸው እናቴ መዳፍ ላይ ወደቁ። ቀጥሎ ትንፋሹ እንደ በር ሲጢጥ ብሎ ገባ። ደግሞ ገባ። እናቴ ጥርሶቹን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ "ንዳ" አለችው ኦቦ ገልገሎን።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ያገኘነው ያው ያሰረው ሐኪም ነው። የተቆረጠውን ሽቦ አይቶ፣ ይህ መውጣት ከነበረበት ስንት ጊዜው ነው፣ ማን ነው ያቆየው ብሎ ጠየቀ። እናቴ "እኔ" አለች። ሐኪሙ ፊቷን አየ፣ ደግሞ እጇን አየና ገባ። ጉሮሮው ላይ መተንፈሻ ቀደዱለት፣ ከአገጩ ሥር ከፍተው መግሉን አወጡ። በተከታዮቹ ሳምንታት የታችኛው ጥርሱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ተነቀለ። መግሉ አጥንቱንም በልቶት ስለነበር ከግራ መንጋጋው ቁራጭ ወጣ። ወንድሜ ዳነ። ዳነ የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ስሰማ ቆም ብዬ አስባለሁ።

እዚያ ሆስፒታል ተኝተን ሳለ መንግሥት ወደቀ፣ አፈሳውም አብሮ ቀረ። ነገሌ ስንመለስ ከጦርነቱ የተረፉ ወታደሮች በየመንገዱ ይንጠባጠባሉ። እትዬ አስካለ ከጠዋት ጀምሮ አስፋልት ዳር ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ የዳዊትን ስም ትጠይቃለች። መምጣታችንን ሰምታ ማታ መጣች። ከማል ፊቱን ሊሸፍን ሲል እጁን ያዘችው። የጎደጎደውን ግራ ጉንጩን፣ ወደ ውስጥ የገባውን አገጩን በመዳፏ ዳሰሰች፤ ቀስ ብላ፣ ሁሉንም። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ "ታድለሻል ዘይነባ" አለች። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ እኔ ግቢ ወጣሁ። ዳዊት እስከ ዛሬ አልመጣም።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር በእኔ ላይ ምን እንደለወጠ ልንገራችሁ። ያኔ ለሁሉ ነገር መልስ የነበራት ምላሰኛ ልጅ ያን ቀን ቀረች። አሁን ሱቄ ደጃፍ ላይ ጥርሳቸውን ለማስተካከል ሐዋሳ ድረስ ሄደው ሽቦ ያስደረጉ የከተማችን ልጆች ሲያልፉ አያለሁ። ሽቦው ያምርባቸዋል፣ ይስቃሉ። ጠርቼ ስቆጣቸው ሴትየዋ ምን ሆና ነው ይላሉ። ሳይሰለቹ ያድምጡኝ እንጂ የምነግራቸው ብዙ አይደለም። ከበላችሁ በኋላ ሽቦው ሥር የቀረውን አታሳድሩ። የማይታየውን የኋላ ጥርስ ከሚታየው አብልጡ። የሚያምማችሁ ጥርስ ሳታከሙት ዝም ካለ አትደሰቱ፣ ሩጡ። ከሁሉ በላይ ሐኪም በዚህ ቀን ይፈታል ካላችሁ በዚያው ቀን አስፈቱ። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ልብ እያረረ ይስቃል ለማለት። የወንድሜን ጥርስ ግን ለባዳ የሚደረገውን ያህል እንኳ አላደረግንለትም።

ከማል ዛሬም ከእኔ ጋር ይኖራል። ሱቅ ውስጥ ሂሳብ ይይዛል፣ ከሰው ፊት አይበላም። እናታችንን አንድም ቀን ሲወቅሳት አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለምን በዚያ ክሊኒክ ፍቱልኝ ሳትል ቀረህ ብዬው፣ "ፈርቼ ነበር፤ ዳዊትን ሲወስዱት ሽቦውን በእጄ ይዤ ነበር" አለኝ። እኔ ግን እናቴን እወቅሳት ነበር፤ በልቤ፣ ለብዙ ዓመታት፣ አጥሚቱን ባማሰልኩለት ቁጥር።

እናቴ ልትሞት በተቃረበችበት ሰሞን፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እግሯን ሳሽላት፣ ያን ቂሜን ይዤ እንዳልቀብራት ፈራሁና ጠየቅኳት። እማዬ፣ ያ ቀን ዳግም ቢመጣ ሽቦውን ታስፈቺው ነበር ወይ አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

"ከማል የት ነው?" አለች።

"ጓዳ። እራቱን እየበላ ነው።"

"አለ አይደል?" አለችኝ።

እግሯን ማሸቴን ቀጠልኩ።